የካፒቴን ዊትኮም ቀኝ እጅ

ሁለቱ ደብዳቤዎች በአንድ ጠዋት መጡ። ሁለቱም እንደ ወንፊት ተበሳስተው፣ በድኝ ጭስ ታጥነው ነበር። በዚያ በ1873 የነሐሴ ወር፣ ከደሴቱ ምሽግ የሚወጣ ወረቀት ሁሉ ቢጫ ወባ ይዞብን እንዳይመጣ የወደቡ ዘበኞች በወስፌ ይበሱትና ድኝ ያጥኑት ነበር። እኛ የሳሊን ወደብ ሰዎች ፖስታ ስንከፍት አፍንጫችንን መያዝ ለምደን ነበር።

ኦክታቪያ ሬንዴል ግን አፍንጫዋን አልያዘችም። በአንደኛው ፖስታ ላይ ያለውን ጽሕፈት ስታይ መተንፈስም ረሳች።

የእሱ ጽሕፈት ነው። ከዐሥራ አንድ ሳምንት ዝምታ በኋላ!

ካፒቴን አሳሄል ዊትኮም የምሽጉ ወታደራዊ ቀዶ ሐኪም ነበር። የቨርሞንት ገበሬ ልጅ ነው። በሃያ አምስት ዓመቱ ከሕክምና ትምህርት ቤት ወጥቶ፣ የምረቃ ልብሱን እንኳ በቅጡ ሳያጣጥፍ፣ ሰሜንና ደቡብ ወደሚተላለቁበት ጦርነት ገባ። በድንኳን፣ በጎተራ፣ በቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ሲቆርጥና ሲሰፋ ከረመ። ጦርነቱ አብቅቶ ጓደኞቹ በየከተማው የሕክምና ቤት ሲከፍቱ እሱ ከሠራዊቱ አልወጣም። ስድስት ዓመት በምዕራቡ ሜዳ፣ በረዶ የበላውን የወታደር እግር ሲያክም ቆይቶ ወደ እኛ ባሕረ ሰላጤ ተላከ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። ዝምተኛ፣ ረጅም፣ ሲራመድ አንገቱን ደፋ የሚያደርግ ሰው ነው።

ከኦክታቪያ ጋር የተዋወቁት በጥር ነው። እሷ የከተማችን አስተማሪ ነበረች። አንዲት ተማሪዋ ከደረጃ ወድቃ የክንዷ አጥንት ቆዳዋን ቀዶ ወጣ። የከተማው ሐኪም ሩቅ መንደር ሄዶ ነበርና ከደሴቱ ካፒቴን ዊትኮም ተጠራ። ያ ሰማያዊ የሰሜን ወታደር ልብስ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲታይ፣ እኛ በጦርነቱ የተሸነፍን የደቡብ ሰዎች ነንና፣ እናቶች ሁሉ ፊታቸውን አዞሩ። እሱ ግን ማንንም አላየም። ተንበርክኮ የልጅቷን ክንድ እንደ እንቁላል ያዘው። ኦክታቪያ ያየችው መጀመሪያ ፊቱን አይደለም። ጣቶቹን ነው። ቀና ሲል ዐይን ለዐይን ተጋጩ፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ መሬት መሬት አዩ።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የኋላው ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመረ። እሷም መዝሙር መጽሐፏን ደጋግማ መጣል ጀመረች፤ ጎንበስ ብላ ስታነሣ በዐይኗ ቂጥ ወደኋላ ለማየት። በየሳምንቱ ደብዳቤ ተጻጻፉ። ከተማው አወቀ። ከሁሉ መጨረሻ እናቷ ወይዘሮ ሬንዴል አወቁ።

ወይዘሮ ሬንዴል ባላቸውን ከጦርነቱ በፊት፣ አንድ ወንድ ልጃቸውን ሆራስን በጦርነቱ የቀበሩ ሴት ናቸው። ሆራስ ቆስሎ ተማርኮ በጠላት ሆስፒታል፣ እግሩ ተቆርጦ ነው የሞተው። «ያንኪ ሐኪም አረደው» ይሉ ነበር፣ የሰሜን ሰው ማለታቸው ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ቃሉን ሳይለውጡ። የኦክታቪያ እንባ ሲበዛባቸው በሰኔ እንዲህ አሉ፦

«ይምጣና ልየው። ዐይኑን አይቼ ልጥላው።»

መጣ። እራት ቀረበ። ሾርባው ሳይወጣ እሱ ከምድጃው በላይ ያለችውን የሆራስን ፎቶግራፍ አየ፤ ከሥሯ የተጻፈውን ስም አነበበ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ይቅርታ» ብሎ ተነሥቶ፣ ባርኔጣውን እንኳ ሳይዝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። ኦክታቪያ የተጣፈውን የጠረጴዛ ልብሳቸውን፣ የተሸረፉትን ሳህኖች አስባ «ድህነታችንን ንቆ ነው» አለች። ያንን እያሰበች ስንት ቀን ትራሷን ነክሳ እንዳለቀሰች እሷ ናት የምታውቀው።

አሁን ፖስታውን ቀደደችው። ከስምንት ቀን በፊት የተጻፈ ነው።

«ወይዘሪት ሬንዴል፣

በዚህ ሰሞን እዚህ ሰው በየቀኑ ይሞታል። እኔ እስካሁን ደህና ነኝ። ግን ነገ የማን ተራ እንደሆነ አላውቅምና ዝም ብዬ መሞት አልፈለግሁም። በእናትዎ ቤት ያየሁትን ፎቶግራፍ አውቀዋለሁ። በ1864 ግንቦት፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ጎተራ፣ ወንድምዎን ሆራስን ያከምሁት እኔ ነኝ። ግራ እግሩን የቆረጥሁት እኔ ነኝ። አይሆንም ብሎኝ ነበር። ለምኖኝም ነበር። አራት ሰዎች ያዙልኝ። በአራተኛው ቀን ሞተ። ይህን እያወቅሁ ከእናትዎ ማዕድ መብላት አልቻልሁም። ነግሬዎትም ዐይንዎን ማየት አልቻልሁም። ጥይት የማይፈራ ሰው እርስዎን ፈራ። ይርሱኝ።

አሳሄል ዊትኮም»

ወረቀቱ ከእጇ ወደቀ። እናቷ ከጓዳ ወጥተው አነሡት። ኦክታቪያ ልትቀማቸው እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰችም። ወይዘሮ ሬንዴል ቆመው አነበቡ። አንድ ጊዜ አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ከዚያ ወደ መኝታ ክፍላቸው ገቡ።

ኦክታቪያ ጩኸት ጠበቀች። እርግማን ጠበቀች። እናቷ የተመለሱት ግን ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ያወጡትን አንድ ያረጀ ወረቀት ይዘው ነው። የሆራስ የመጨረሻ ደብዳቤ ነው፤ ሆራስ የተናገረውን አንድ የማይታወቅ ሰው ጽፎለት በምርኮኛ ልውውጥ የደረሳቸው። ለማንም አሳይተውት አያውቁም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና የዛሬውን ጎኑ አደረጉት።

«ነይ እዪ» አሉ፤ ድምፃቸው የሌላ ሰው ይመስላል።

ሁለቱም ወረቀት ላይ ፊደሎቹ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። ሁለቱም ላይ የቃሉ መጨረሻ እንደ ጅራፍ ጫፍ ወደ ላይ ይወረወራል።

ኦክታቪያ የሆራስን ቃል በሹክሹክታ አነበበች። «እማዬ፣ ይህን የሚጽፍልኝ ሰው ከእነሱ ወገን ነው፤ አትቀየሚው። ቆሞ ሲያንቀላፋ አየሁት፤ ግን ልተኛ አላለም፣ አጠገቤ ተቀምጦ ልጻፍልህ አለኝ...»

«ዘጠኝ ዓመት» አሉ ወይዘሮ ሬንዴል። «ዘጠኝ ዓመት ይህን የጻፈውን እጅ ስመርቅ፣ ያንን የቆረጠውን እጅ ስረግም ኖርሁ። አንድ እጅ ነው ታቪ! አንድ እጅ ነው! እግዜር ጸሎቴን ሲሰማ ምን ብሎኝ ይሆን?»

እናትና ልጅ በሁለቱ ወረቀቶች ፊት እንደ አስከሬን ፊት ቆሙ።

ሁለተኛው ፖስታ ትዝ ያላት ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው። የማታውቀው ጽሕፈት ነው፤ ፊደሉ ሁሉ እንደ ችካል የቆመ።

«ወይዘሪት፣ አያውቁኝም። የዶክተሩ ረዳት ሳጅን ጎትሊብ ሃስ ነኝ። ዶክተሩ የአንድ ወታደር እባጭ ሲከፍት ጣቱን ወጋ። ቀኝ እጁ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ቀይ መስመር ተነሥቶ ወደ ክርኑ እየሄደ ነው፤ ብብቱ ከደረሰ አበቃ። መቆረጥ አለበት። ሌላ ሐኪም ለማምጣት መርከብ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ሁለት ቀን የለንም። እኔ አጠገቡ ቆሜ ብዙ አይቻለሁ፤ ቢላዋ ግን ጨብጬ አላውቅም። እሱም እምቢ ብሏል። ሽጉጥ ትራሱ ሥር አድርጎ የሚነካኝን እተኩሳለሁ ይላል። ሲቃዥ የሚጠራው የእርስዎን ስም ነው። እዚህ ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ቀብረናል። ይምጡ አልልም። አይምጡም አልልም።»

ኦክታቪያ ባርኔጣዋን አነሣች። ክሩን ሳታስር ወደ በሩ ሄደች።

«የት ነው?» አሉ እናቷ።

«ታውቂዋለሽ እማዬ።»

«ወባው እኮ አይመርጥም! ባንድ ሳምንት ቢጫ ሆነሽ፣ ጥቁር ደም ተፍተሽ...» መጨረስ አልቻሉም። «አንዱን ልጄን ለዚያ እጅ ሰጥቻለሁ። ሁለተኛዋንም ልስጥ?»

«እኔ አልተሰጠሁም። እየሄድሁ ነው።»

ወይዘሮ ሬንዴል ሂጂ ማለት አልቻሉም። ቅሪ ማለትም አልቻሉም። ስትወጣ ላለማየት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ብቻ ይርገበገብ ነበር።

*

ወደ ደሴቱ የሚቀዝፈው ዓሣ አጥማጁ ኢሳይያስ ፖንድ ብቻ ነበር። ጥቁር ሽማግሌ ነው፤ በባርነት ዘመኑ ቢጫ ወባ ይዞት ተርፏልና ሁለተኛ አይዘውም። ለምሽጉ ውሃና አትክልት እያደረሰ ከደሴቱ የጀልባ ማቆሚያ መድረክ ይመለሳል። ኦክታቪያን ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃታል።

«አጎቴ ኢሳይያስ፣ ያሻግሩኝ።»

ከእግር እስከ ራሷ አያት። «ለምን ጉዳይ? ፍቅር ነው ቂም?»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ለቀዘፋው ነዋ! ቂም ከሆነ ቀስ እላለሁ፤ ምናልባት መንገድ ላይ ይበርድልሻል።»

«አላውቅም» አለች፤ እውነቷን ነበር።

ሽማግሌው መቅዘፊያውን ምራቅ እንትፍ ባለበት እጁ ጨበጠ። «እንግዲያው መፍጠን ነው።»

ባሕሩ እንደ ቀለጠ እርሳስ ተኝቷል። ፀሐይ ገና ወደ ምዕራብ ማዘንበሏ ነው። ምሽጉ ሲቀርብ መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ አየሩን ያጠራል ተብሎ የሚነደው የቅጥራን ሽታ። ቀጥሎ ከግንቡ በላይ ወረርሽኝ እንዳለ የሚያስጠነቅቀው ቢጫ ባንዲራ ታየ። ቀጥሎ አሸዋው ላይ የተደረደሩት ጉብታዎች። ኦክታቪያ ልትቆጥራቸው ጀምራ ስድስት ላይ ዐይኗን ጨፈነች።

«መመለስ ነውር አይደለም» አለ ኢሳይያስ፣ አሁን ያለ ቀልድ። «እኔ ያየሁትን ብታይ ጀልባዬን ራስሽ ትገለብጪው ነበር።»

«እባክዎ ዝም ብለው ይቅዘፉ። ሲያወሩኝ እፈራለሁ።»

መድረኩ ላይ የቆመው ዘብ ጉንጩ የጎደጎደ፣ ጠመንጃውን እንደ ምርኩዝ የተደገፈ ሰው ነበር። «እመቤቴ፣ መግባት ይቻላል። መውጣት ግን የለም። ውርጭ እስኪወርድ ድረስ ማንም አይወጣም። ውርጭ ደግሞ ከኅዳር በፊት አይወርድም።»

አንድ እግሯ ጀልባው ላይ፣ አንድ እግሯ መድረኩ ላይ ነበር። መቼም ዕድሜዋን በሙሉ እንዲህ ሆና የቆመች መሰላት። ከዚያ ሁለተኛውን እግሯን አነሣች። ጀልባው ሲርቅ የመቅዘፊያውን ድምፅ እየሰማች ወደኋላ ሳትዞር ሄደች፤ ብትዞር እንደምትሮጥ ታውቅ ነበር።

*

ሳጅን ሃስ ሸበቶ ሪዙ አፉን የሸፈነ ግዙፍ ጀርመናዊ ነው። ሲያያት መስቀል ያየ ሰው መሰለ። «መጡ? እኔ እኮ በደብዳቤዬ አስፈራራኋት ብዬ ራሴን ስረግም ነበር!» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቀይ መስመሩ ክርኑን አለፈ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልሆነ ብርሃን የለንም። ነገ ደግሞ... ነገ የለም።»

አሳሄል በትንሿ ክፍል፣ መስኮቱ አጠገብ በጀርባው ተኝቷል። ጢሙ አድጓል። ዐይኑ ጎድጉዶ እንደ ፍም ይነዳል። ቀኝ እጁ ትራስ ላይ ተቀምጧል፤ ያ የልጅቷን ክንድ እንደ እንቁላል የያዘው እጅ አሁን ጥቁርና ወይን ጠጅ ሆኖ አብጧል፤ የጣቶቹ መለያያ እንኳ አይታይም። በግራ እጁ ሽጉጡን ጨብጧል።

«ሃስ! ነግሬሃለሁ...» አለና አያት። የሽጉጡን አፈሙዝ ወደ ወለሉ አዞረ። «ማን አስገባሽ? ውጪ! እዚህ ሞት ነው ያለው፣ ውጪ!»

እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ሳይል ጠርቷት አያውቅም ነበር።

«መውጣት የለም ተብያለሁ» አለች፤ ድምጿ ቀጥኖ ወጣ። «እስከ ኅዳር።»

«ኦክታቪያ...» ጭንቅላቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ደብዳቤዬ አልደረሰሽም?»

«ደርሶኛል።»

«ታዲያ ሞቴን ለማየት ነው የመጣሽው? ይገባሻል።»

ወንበር ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። «ሆራስ ምን አለህ?» አለች። «ለምኖኝ ነበር ብለህ ጽፈሃል። ምን ብሎ ለመነህ?»

ከግድግዳው ማዶ አንድ የታመመ ወታደር እናቱን ይጠራል።

«ተወኝ፣ ከነእግሬ ልሙት አለኝ።»

«አንተስ?»

«ምንም። አንድ መቶ ሰው ጭድ ላይ ተኝቶ ይጠብቀኛል። ‹ያዙት› አልሁ። ሁሉም አይሆንም ይላሉ ኦክታቪያ። እኔ ሁሉንም አስያዝሁ። ፈሪ ይመስሉኝ ነበር።» ትንፋሹ ተቆራረጠ። «አሁን ገባኝ። ይህ እጅ ከሄደ እኔ ማን ነኝ? ከዚህ እጅ ሌላ ምን አለኝ? ዐሥር ዓመት ሰው ያደረገኝ እሱ ነው። ቢላዋውን ሳስብ እንደ ሕፃን ሽንቴ ይመጣል። ከነእጄ ልሙት።»

ኦክታቪያ እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል አልጠረገችውም።

«እናቴ የሆራስን የመጨረሻ ደብዳቤ ከጽሕፈትህ ጋር አስተያየችው።»

ቀስ ብሎ ዞረ።

«ዘጠኝ ዓመት ያንን ደብዳቤ የጻፈውን ሰው ስትመርቅ ኖራለች። አንተን፣ አሳሄል። ያን አራት ቀን ባትሰጠው ወንድሜ ሳይሰናበተን ነበር የሚሄደው። እኔ ይቅር ብዬሃለሁ ወይስ አላልሁህም፣ ጀልባው ላይም አላወቅሁትም፤ አሁንም አላውቀውም። የማውቀው እንድትሞት አለመፈለጌን ነው። ግን አላስይዝህም። አንተ ሆራስን አልጠየቅኸውም። እኔ እጠይቅሃለሁ። እሺ በለኝ።»

«ብሞትስ? ክሎሮፎርሙ አደንዝዞኝ እንዳለሁ ብሞትስ? ሃስ እጁ ቢስት?»

«እዚህ ነኝ።»

«ትፈሪያለሽ?»

«በጣም። አንተስ?»

«በጣም» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኖቻቸው ሳይሸሹ ተያዩ። ከዚያ ሽጉጡን አዙሮ፣ እጀታውን ወደ እሷ አድርጎ ሰጣት።

«ሃስ!» ሲል ድምፁ ድንገት የሐኪም ድምፅ ሆነ። «ቀለም አምጣ።»

በግራ እጁ፣ እየተወለጋገደበት፣ ከክርኑ ብዙ ከፍ አድርጎ የራሱን ክንድ ዙሪያውን በቀለም አሰመረ። «እዚህ ጋ። ከዚህ በታች እንዳትሞክር። ለእጄ አትሳሳልኝ፤ ገባህ? ቢላዋዎቹን ቁስሉን እንዳይመርዙ ካርቦሊክ አሲዱ ውስጥ ንከራቸው። ትልቁን የደም ሥር ሁለት ጊዜ እሰር። እጅህ ከተንቀጠቀጠ ቁምና ተንፍስ። እኔም አደርገው ነበር።»

«እርስዎ?» አለ ሃስ አፉን ከፍቶ። «አንድም ቀን አላየሁ!»

«እንዳታይ ነበር የማደርገው።»

*

ጠረጴዛው ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ፀሐይዋ ባሕሩ ላይ አንድ ክንድ ቀርቷታል። ኦክታቪያ በራሱ በኩል ቆማ፣ በአንድ እጇ የታጠፈውን ጨርቅ አፍንጫው ላይ ያዘች፤ በሌላው የክሎሮፎርሙን ጠርሙስ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ጣፋጭና የሚያቅለሸልሽ ሽታ ነው። አሳሄል ዐይኑን ከፊቷ አልነቀለም።

«ደረቴን እዪ» አላት። «እጄን አትዪ። ደረቴን ብቻ...» ምላሱ ተሳሰረ። ዐይኑ ተከደነ።

ሃስ በጀርመንኛ የሆነ ጸሎት አጉተመተመና ቢላዋውን አነሣ።

እሷ ደረቱን አየች። ከፍ፣ ዝቅ። ከፍ፣ ዝቅ። የሃስ ትንፋሽ እንደ በሬ ይሰማታል። ሳህን ላይ የሚንጠባጠብ ነገር ይሰማታል። ከዚያ የመጋዙ ድምፅ መጣ፤ ጥርሷ ውስጥ ገባ፤ አከርካሪዋ ድረስ ወረደ። ሆራስ ያንን ድምፅ ሰምቶት ይሆን? ደረቱን እዪ። ከፍ፣ ዝቅ። ከፍ...

ዝቅ አለና ቀረ።

ጠበቀች። ምንም የለም። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ።

«ሳጅን! አይተነፍስም!»

«ጨርቁን አንሺ! አንሺው! ምላሱን ሳቢ!» ሃስ የደም ሥሩን በጣቱ አንቆ ይዟል፤ ሊንቀሳቀስ አይችልም። «እኔ መልቀቅ አልችልም! አንቺ ነሽ ያለሽው!»

ጠርሙሱ ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። አፉን ከፈተች፤ የሚያዳልጠውን ምላሱን በቀሚሷ ጫፍ ይዛ ጎተተች። ጉንጩን መታችው። ደግማ መታችው። «አሳሄል! እኔን እዚህ አስረህ አንተ ልትሄድ? አሳሄል!» በሁለት እጇ ደረቱን ገፋች፤ ለቀቀች፤ ገፋች፤ ለቀቀች። በእሷና በሞቱ መካከል ከመዳፎቿ በቀር ምንም አልነበረም። ጆሮዋ ውስጥ የራሷ ደም ብቻ ይጮኻል።

ከዚያ አንድ ሻካራ፣ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ያለ ድምፅ ከጉሮሮው ወጣ። ሌላ ደገመ። ደረቱ ከፍ አለ።

ሃስ፣ ግዙፉ ሃስ፣ ጣቱን ከደም ሥሩ ላይ ሳያነሣ፣ እንደ ልጅ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። «ክሩን አቀብይኝ» አለ በለቅሶው መካከል። «እባክሽ የኔ እመቤት፣ ክሩን። አላይም፣ ዐይኔን ጥረጊልኝ።»

የመጨረሻው ቋጠሮ ሲታሰር ፀሐይዋ ባሕሩን ነክታ ነበር። ኦክታቪያ ጣቷን ከአፍንጫው ሥር አላነሣችም፤ ዐይኗን አላመነችውምና።

*

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። በኅዳር፣ ውርጭ በወረደ በሦስተኛው ቀን፣ ካፒቴን ዊትኮምና ኦክታቪያ በኢሳይያስ ፖንድ ጀልባ ሲሻገሩ ወደብ ላይ ወጥተን አይተናል። ወይዘሮ ሬንዴል ከሁላችን ፊት ቆመው ነበር። ባዶውን እጅጌ አዩና ይዘው ሳሙት። ሠርጉ በገና ሰሞን ነበር። ሠራዊቱ በጡረታ አሰናበተው። እሱ ግን ለወጣት ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና እያስተማረ ሃያ ዓመት ኖረ፤ ታማሚውን ሳይጠይቅ ቢላዋ ያነሣን ተማሪ ከክፍል ያስወጣ ነበር ይባላል።

እኛ ያላየነው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለውን ሰባተኛ ቀን ነው። እሱንም እንደ ደሴቱ ነገር ሁሉ ኦክታቪያ ራሷ፣ ፀጉሯ ከነጣ በኋላ ነገረችኝ።

ስድስት ቀን ትኩሳቱ ወጣ ወረደ። በሰባተኛው ቀን ረፋድ ላይ ግንባሩ ቀዘቀዘ። ዐይኑን ገልጦ፣ «የሌለው ጣቴ ያሳክከኛል» አለ።

«ልከክልህ?» አለችው።

ሳቀ፤ ሳቁ አሳመመው። «ታቪ» አለ፣ «አንድ እጅ ያለው ቀዶ ሐኪም ምን ይሠራል? ምንሽ እሆናለሁ?»

ሃስ ከበሩ ጣልቃ ገባ። «ያዝዛል ጌታዬ! ለማዘዝ አፍ ይበቃል፤ እሱን ደግሞ አልቆረጥንም። ዐሥራ አራት በሽተኛ ይጠብቅዎታል።»

«እኔንም ሰው ይጠብቀኛል» አለች ኦክታቪያ። «አንድ ጥያቄ ሊጠይቀኝ የሚገባ ሰው። ቀኝ እጅ አያስፈልገውም።»

ጠየቃት። «እሺ» አለችው፤ ግንባሩን ሳመችውና «ውሃ ላምጣ» ብላ ወጣች።

ውሃው ጋ አልደረሰችም። ግንቡ ጥላ ሥር ስትደርስ ጉልበቷ ታጠፈ። አሸዋው ላይ ተቀመጠች፤ መላ አካሏ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ጥርሶቿ ተንገጫገጩ። ባሕሩን ስትሻገር፣ መጋዙን ስትሰማ፣ ያን የቆመ ደረት ስትገፋ ያፈነችው ፍርሃት ሁሉ ተጠራርቶ የመጣባት ያኔ ነው። ሃስ ሮጦ መጣ፤ ግንባሯን ዳሰሰ፤ ወባው የያዛት መስሎት ቀለሙ ጠፋ።

«አላተኮሰኝም» አለች እየተንተባተበች። «ፈርቼ ነው።»

«አሁን? ሁሉ ካለፈ በኋላ?»

«አሁን የእኔ ሆነ ሳጅን። እስከ ዛሬ የማጣው ነገር አልነበረኝም።»

ሃስ አጠገቧ አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። ከመስኮቱ የአሳሄል ደካማ ድምፅ ስሟን ጠራ፤ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ጠበቅ አድርጎ ሁለተኛ። ኦክታቪያ ግንቡን ተደግፋ ተነሣች። መንቀጥቀጡ አልለቀቃትም። እንደዚያው እየተንቀጠቀጠች ገባች።